የአኒየኔ ውሃ

ከሮማ በስተምሥራቅ ሰባ ኪሎ ሜትር ያህል እንደ ተጓዙ፣ በሲምብሩይኒ ተራሮች ግርጌ፣ ከአኒየኔ ወንዝ ዳር፣ ሱቢያኮ የምትባል ትንሽ ከተማ ትገኛለች። ወደዚያች ከተማ የሄድሁት ባለፈው ዓመት በግንቦት ወር ነው። ሮማ የወሰደኝ የግጥም ንባብ መድረክ ሲሆን፣ መድረኩ አብቅቶ አንድ ቀን ሲተርፈኝ ጋባዦቼ ፍሎሬንስን ወይም ኔፕልስን እንዳይ አግባቡኝ። እኔ ግን ሱቢያኮን መረጥሁ። ምክንያቴን ሲጠይቁኝ «የኅትመት ጥበብ ወደ ኢጣልያ መጀመሪያ የገባው በዚያች ከተማ ስለ ሆነ ነው» አልኋቸው። ውሸት አልነበረም፤ ሙሉ እውነትም አልነበረም።

ሙሉውን ለመናገር ከአያቴ መጀመር ይኖርብኛል። (የአገራችንን ዘመን አቆጣጠር ስጠቅስ ዓ.ም. እላለሁ፤ የቀረው ሁሉ የአውሮፓውያን ነው።) አያቴ አንድ ታላቅ ወንድም ነበራት። ደብረ ሊባኖስ ገዳም ዲቁና ተቀብሎ ቁም ጽሕፈት ይማር ነበር። በ1929 ዓ.ም. ለፋሲካ ወላጆቹን ሊጠይቅ ሲመጣ፣ እጁን የሚያፍታታበትን አንድ ዳዊት በማኅደር ይዞ መጣ። ሲመለስ ግን ለእናቱ አደራ ሰጥቶት ሄደ። «ቀይ ቀለም ይዤ እመጣለሁ፤ እስከዚያው አይጥ እንዳይበላው» ብሎ ነበር ይባላል።

ሦስት ሳምንት አልሞላም። ለግንቦት ተክለ ሃይማኖት የተሰበሰበውን ሕዝብ የጄኔራል ማሌቲ ጦር ከበበው። ትእዛዙ የመጣው ከእንደራሴው ከሮዶልፎ ግራዚያኒ ነው። ይህ ሰው የካቲት 12 ቀን በአብርሃ ደቦጭና በሞገስ አስገዶም ቦምብ ከቆሰለ ወዲህ፣ በአዲስ አበባ ላይ ያፈሰሰው ደም አልበቃ ብሎት፣ ገዳሙን የሤራው ተባባሪ አድርጎ ቈጥሮት ነበር። ራሱ ለሮማ በላከው ቴሌግራም 297 መነኮሳት መረሸናቸውን አስታወቀ፤ ከጥቂት ቀናት በኋላ ደግሞ 129 ዲያቆናት ተጨመሩ። ከብዙ ዘመን በኋላ በቦታው የተደረገው ጥናት የሟቾቹን ቁጥር ከ1,400 አሳልፎ እስከ 2,000 ያደርሰዋል። የአያቴ ወንድም ከዲያቆናቱ ወገን ነበር። ዕድሜው 16 ነበር።

ዳዊቱ ዛሬም በቤታችን አለ። ቁም ጸሐፊ መጀመሪያ ጥቁሩን ይጽፋል፤ በቀይ ለሚጻፈው ለመዝሙሩ አርእስትና ለቅዱሳት ስሞች ቦታ እየተወ ያልፋል። የዚህ ዳዊት የመጨረሻዎቹ ቅጠሎች በጥቁር ተጽፈዋል። ለቀዩ የተተወው ቦታ ባዶውን ነው። አያቴ ፊደል አልቈጠረችም፤ ባዶዎቹን ቦታዎች ግን አንድ በአንድ በጣቷ ታውቃቸው ነበር።

ከዐሥር ዓመት በፊት የግራዚያኒን ችሎት በተውኔት መልክ መጻፍ ጀመርሁ። አንባቢ እንደሚያውቀው፣ ሰውየው በ1950 በሮማ ወታደራዊ ፍርድ ቤት 19 ዓመት እስራት ተፈረደበት። የተፈረደበት ግን ከጀርመኖች ጋር በመተባበሩ ነበር፤ ስለ ኢትዮጵያ አልተጠየቀም። የ19 ዓመቱም ፍርድ ጥቂት ወራት ሳይዘልቅ ከእስር ወጣ። እኔ በመድረክ ላይ ያልተጠየቀውን ልጠይቀው ፈለግሁ። ሁለት ገቢር ጽፌ ለአያቴ አነበብሁላት። እስከ መጨረሻው ዝም ብላ አዳመጠችና አንድ ነገር ብቻ ጠየቀችኝ።

«ልጄ፣ ይህ ሰውዬ ያደገበት አገር ምን ይመስላል? ወንዝ አለው?»

«አላውቅም፣ እምዬ።»

«እንዲያው ነው የመሰለኝ» ብላ ነጠላዋን አስተካከለች።

ብዙ ኀያስያን ሥራዬን ነቅፈውታል፤ እንዲህ ከሥሩ የነቀለው ግን የለም። የጻፍሁት ሰው አገር አልነበረውም። ከጨለማ ወጥቶ መድረኩ ላይ ይቆማል፣ ያስፈራራል፣ ወደ ጨለማው ይመለሳል። ሦስተኛውን ገቢር በዚያው ተውሁት። አያቴ ካረፈች እነሆ ስድስት ዓመት ሆናት፤ ጥያቄዋ ግን አላረፈም። ግራዚያኒ የገጠር ሐኪም ልጅ ሆኖ በ1882 የተወለደው ከአኒየኔ ምንጭ አጠገብ ባለችው በፊሌቲኖ መንደር ነው፤ በ1955 የተቀበረው ደግሞ ከሱቢያኮ ዐሥር ኪሎ ሜትር ያህል በምትርቀው በአፊሌ ነው። እንግዲህ ሱቢያኮን የመረጥሁበት ሁለተኛው ምክንያት ይህ ነው።

የገጠሩ አውቶቡስ የሚነሣው ከሮማ ዳርቻ፣ ፖንቴ ማሞሎ ከተባለ ጣቢያ ነው። «ፖንቴ» ድልድይ ማለት ነው፤ ድልድዩም የተሠራው በአኒየኔ ላይ ነው። ወንዙ ከዚህ ጥቂት ወረድ ብሎ ከቴቬሬ ጋር ስለሚቀላቀል፣ መንገደኛው ገና ከከተማ ሳይወጣ የወንዙን ጅራት ይዞ ወደ ራሱ ሽቅብ ይጓዛል ማለት ነው። አብረውኝ የተሳፈሩት ተማሪዎች፣ የቤት ሠራተኞችና ዘንቢል የያዙ አሮጊቶች ነበሩ። ከፊት ወንበር የተቀመጠች አንዲት ሴት ከሹፌሩ ጋር እስከ ቲቮሊ ድረስ ስለ ዝናብ ተከራከረች፤ አነጋገሯ የፍቼን ገበያ አስታወሰኝ።

ቲቮሊ በፏፏቴዋ የታወቀች ናት፤ አኒየኔ ከገደሉ የሚወረወረው እዚያ ነው። ጎብኚው ሁሉ ስለ ፏፏቴውና ስለ መሳፍንቱ የአትክልት ስፍራ ያወራል። እኔ በመስኮቱ ስመለከት የማስበው በዚህች ከተማ ስላረፈ አንድ የደብረ ሊባኖስ መነኩሴ ነበር። ወደ እርሱ እመለሳለሁ።

ከቲቮሊ በኋላ ሸለቆው እየጠበበ ይሄዳል። መንደሮቹ ጠላትን ለመሸሽ እንደ ተሰቀሉ ከተራራው ጫፍ አልወረዱም። ወንዙ አንድ ጊዜ በቀኝ፣ አንድ ጊዜ በግራ እየታየ ይከተላል፤ ውሃው አረንጓዴ ነው፣ ቀዝቃዛነቱ በዓይን ይታወቃል። ከዚያ ሱቢያኮ ብቅ ትላለች። ቤቶቿ ከወንዙ ጀምረው እስከ ኮረብታው ራስ ድረስ አንዱ በሌላው ትከሻ ላይ ቆመዋል። ከሁሉ በላይ፣ አበው ገዥዎች ይቀመጡበት የነበረው ምሽግ ተኮፍሷል። በመካከለኛው ዘመን እዚህ የገዳሙ አበምኔት መንፈሳዊ አባት ብቻ አልነበረም፤ መሬቱ የእርሱ፣ ግብሩ የእርሱ፣ ወህኒውም የእርሱ ነበር። የምሽጉ አቀማመጥ ይህን ያለ መምህር ያስረዳል። ከታች ያለው ሰው ቀና ባለ ቁጥር የሚያየው እርሱን ነውና።

ስሟ በላቲን «ከሐይቆቹ በታች» እንደ ማለት ነው። ሐይቆቹን የሠራው ንጉሠ ነገሥት ኔሮን ነበር፤ አኒየኔን በግድብ አስቁሞ ከዳርቻው ቤተ መንግሥት አነጸ። የመጨረሻው ግድብ በ1305 ተደረመሰ፤ ዛሬ ሐይቅ የለም፣ ስም ብቻ ቀርቷል። የሕንጻ ሠራተኞችን እጅ ለማየት የፈለገ ግን ወደ ቅዱስ ፍራንቸስኮስ ድልድይ ይውረድ። በ1358 የተሠራ ባለ አንድ ቅስት የድንጋይ ድልድይ ነው፤ በአንዱ ጫፉ የመጠበቂያ ግንብ ቆሞበታል። ከቅስቱ በታች ሁለት ልጆች ዓሣ ለማጥመድ ይታገሉ ነበር፤ ከበላዩ የአበባ ማሰሮ የምታጠጣ ሴት ታዘቅዝቃቸዋለች። ጂና ሎሎብሪጂዳ በ1927 የተወለደችው በዚህች ከተማ መሆኑን አንድ ቡና ቤት ውስጥ በኩራት ነገሩኝ፤ ስለ ኅትመቱ ስጠይቅ ወደ ተራራው አመለከቱኝ።

የቅድስት ስኮላስቲካ ገዳም ከከተማው በላይ በሸለቆው ጠርዝ ላይ ነው። በእግሬ ወጣሁ። ቤተ መጻሕፍቱን ያስጎበኙኝ ጡረታ የወጡ አንዲት መምህርት ነበሩ፤ ከእንግሊዝኛና ከእኔ ስባሪ ጣሊያንኛ በተቀየጠ አነጋገር ተግባባን። ኮንራድ ስቫይንሃይምና አርኖልድ ፓናርትስ የተባሉ ሁለት ጀርመናውያን ፊደላቸውን ጭነው ተራራ ተሻግረው የመጡት ወደዚህ ነው። በ1465 የቺቸሮንና የላክታንትዮስን መጻሕፍት አተሙ፤ በ1467 የቅዱስ አውግስጢኖስን «የእግዚአብሔር ከተማ» አወጡ። ከእያንዳንዱ 275 ቅጂ ያህል ነበር። ከዚያ ገበያ ፍለጋ ወደ ሮማ ወረዱ። በ1472 ለጳጳሱ ባቀረቡት አቤቱታ፣ ቤታቸው ባልተሸጠ የታተመ ወረቀት እንደ ተሞላና የሚበላ ነገር እንደሌለበት ገልጸዋል። መጻሕፍቶቻችን በመጋዘን የሚያድሩብን እኛ ደራስያን ይህን አቤቱታ ብንፈርምበት የሚያሳፍረን አይመስለኝም።

መምህርቷ የአንዱን መጽሐፍ ገጽ አሳዩኝ። የፊደሎቹ ጥራት ድንቅ ነው፤ ዐይኔ ያረፈው ግን በምዕራፉ ራስ ላይ በቀረ አንድ አራት ማዕዘን ባዶ ቦታ ነበር።

«ይህስ ለምን ባዶ ቀረ?» አልኋቸው።

«መነሻ ፊደሉን ሠዓሊ በእጁ በቀለም እንዲሞላው የሚተው ነው» አሉ። «ለዚህኛው ሠዓሊ ሳይገኝለት ቀርቷል።»

ልናገር ያላሰብሁትን ተናገርሁ። ስለ ዳዊቱ፣ ስለ ቀዩ ቀለም፣ ስለ ዲያቆኑ ነገርኋቸው። ከየት እንደ መጣሁና የማን ትእዛዝ እንደ ነበረ ሲገባቸው መነጽራቸውን አውልቀው ያዙ። ብዙ ቆይተው፣

«ያ ሰው በልጅነቱ የተማረው እኮ እዚሁ ሱቢያኮ፣ በካህናቱ ትምህርት ቤት ነው» አሉኝ።

በመጽሐፍ አንብቤዋለሁ። እዚያ ቆሞ መስማት ግን ሌላ ነው። ይህ ሰው ልጅ ሳለ መዝሙረ ዳዊትን ሰምቷል፤ ምናልባት በቃሉ ተምሯል። በመነኮሳት ደወል ነቅቷል፣ በመነኮሳት ደወል ተኝቷል። መነኩሴ ምን እንደ ሆነ፣ ዲያቆን ምን እንደ ሆነ ማንም ሊነግረው አያስፈልግም ነበር።

የኅትመቱ ወሬ በሱቢያኮ አላበቃም፤ ለእኛም የሚሆን ቀሪ አለው። ጥበቡ ወደ ሮማ ከወረደ ግማሽ ምእት ዓመት ሳይሞላ፣ በ1513፣ በግእዝ ፊደል የመጀመሪያው መጽሐፍ እዚያው ታተመ። መጽሐፉ ዳዊት ነበር። አሳታሚው ጀርመናዊው ዮሐንስ ፖትከን ግእዙን የተማረው ሮማ ከነበሩ ኢትዮጵያውያን ነው። ከዚያም በ1548 እና በ1549 ሐዲስ ኪዳን በግእዝ ወጣ። ይህን ያሳተመው አባ ተስፋ ጽዮን፣ በኢማም አሕመድ ጦርነት ገዳሙ ከተቃጠለ በኋላ በኢየሩሳሌም በኩል ሮማ የገባ የደብረ ሊባኖስ መነኩሴ ነው። በመጽሐፉ ውስጥ ስለ ስሕተቱ አንባቢን ይቅርታ ይጠይቃል። ፊደል ለቃሚዎቹ ግእዝ ማንበብ አይችሉም፤ እርሱና ጓደኞቹ ደግሞ የኅትመት ሥራ አያውቁም። ስለዚህ ዕውር ዕውርን እንደሚረዳ ተረዳድተው እንደ ሠሩት ይናገራል። ስለ ሁለት ሕዝቦች የሥራ ጓደኝነት ከዚህ የበለጠ ትሑት ቃል አላነበብሁም። ተስፋ ጽዮን የሞተው በቲቮሊ፣ በዚሁ በአኒየኔ ዳር ነው፤ መቃብሩ በሮማ፣ በኢትዮጵያውያኑ የቅዱስ እስጢፋኖስ ቤተ ክርስቲያን ይገኛል።

ከስኮላስቲካ ገዳም ሽቅብ ሲወጡ ቅዱስ በነዲክቶስ ሦስት ዓመት የኖረበት ዋሻ አለ። በኋላ ዘመን ሰዎች በዋሻው ላይ ቤተ ክርስቲያን ደረበውበታል። ሕንጻው ከገደሉ ፊት ላይ የተለጠፈ ነው፤ ግድግዳው ግማሹ ግንብ፣ ግማሹ ዐለት። ከሥዕሎቹ መካከል ፍራንቸስኮስ የተባለ አንድ መናኝ፣ ገና ቅዱስ ሳይባል በሕይወቱ ሳለ እንደ ተሣለ የሚነገር፣ ያለ አክሊለ ብርሃን ቆሟል። በሥዕሎቹ ብዙ ልቆይ አስቤ ነበር። ነገር ግን ወደ ውጭው ሰገነት ወጥቼ ቁልቁል ስመለከት እግሬ ከዳኝ፤ በወለሉ ላይ ተቀመጥሁ።

ከፊቴ ጥልቅ ሸለቆ ነበር። ከሸለቆው ሥር የማይታይ፣ ድምፁ ብቻ የሚሰማ ወንዝ። ከገደሉ ፊት የተንጠለጠሉ ዛፎች፣ በዐለቱ ንቃቃት የሚንጠባጠብ ውሃ፣ የጻድቅ ዋሻ፣ ከዋሻው በታች ገዳም፣ ከገዳሙ በታች የገበሬ ማሳ። አሞራ ከእግሬ በታች ያንዣብብ ነበር። ደብረ ሊባኖስን የሚያውቅ አንባቢ ከዚህ በላይ እንድገልጽለት አያስፈልገውም።

እምዬ፣ አገሩ ደብረ ሊባኖስን ይመስላል።

ይህን መልስ ይዤ ምን ላድርግ? ገደሉ የተራቆተ፣ ሕዝቡ የከፋ፣ ውሃው የመረረ ቢሆንልኝ ኖሮ ሥራዬ በቀለለ ነበር። ደራሲ ለጨካኙ ገጸ ባሕርይ አስቀያሚ አገር ሲመኝለት ለራሱ እፎይታ እየፈለገ ነው። ሰውየው ደብረ ሊባኖስን የማያውቀው ባዕድ ነገር አድርጎ አላጠፋውም። ያደገበትን መልክ ያለው ስፍራ ነው ያጠፋው፤ ሲያጠፋውም የገዛ አገሩን መልክ አላየበትም። እንዴት አላየም? የጥቁር ሰው ዋሻ ዋሻ፣ የጥቁር ሰው ዳዊት ዳዊት እንዳይደለ ማን አስተማረው? ካህናቱ ናቸው? የጦር ትምህርት ቤቱ ነው? ወይስ በሊቢያ ያሳለፋቸው ዓመታት? ተውኔቴ ሊጠይቅ የሚገባው ይህን ነበር።

ወደ ድልድዩ ስወርድ ሰባ ዓመት የተሻገራቸው አንድ አዛውንት በግንቡ ጥላ ሥር ተቀምጠው ነበር። ወደ አፊሌ የሚሄደውን አውቶቡስ ጠየቅኋቸው። ፊቴን አይተው ለምን እንደምሄድ ገባቸው መሰለኝ፣ «እዚያ ጥሩ ነገር የለም» አሉኝ። ቀጥለው ስለ 1944 አወሩኝ። ግራዚያኒ ያን ጊዜ የሙሶሊኒ የመጨረሻ መንግሥት የጦር ሚኒስትር ነበር፤ ለውትድርና ተጠርቶ የቀረ ወጣት ሁሉ በሞት እንዲቀጣ ዐዋጅ ወጥቶ ነበር። የአዛውንቱ አጎት ተራራ ላይ ተደብቆ፣ እረኞች ምግብ እያደረሱለት ተረፈ። ከተማይቱ ደግሞ በዚያው ዓመት በአየር ድብደባ ፈራረሰች፤ ገዳሙም ተመታ።

«ታዲያ ለዚህ ሰው ሐውልት የሠሩለት ለምንድን ነው?» ብዬ ጠየቅኋቸው።

ትከሻቸውን ነቀነቁና አንድ ቃል ብቻ ተናገሩ፤ «ፓኤዛኖ»። የአገር ልጅ ማለት ነው። በእኛ ቋንቋ ከዚህ ቃል የሚሞቅ ጥቂት ነው። በባዕድ ከተማ «የአገር ልጅ» ብሎ የጠራን ሰው ኪሳችንን እንኳ አንደብቀውም። ያን ቀን ግን ቃሉ በጆሮዬ ቀዘቀዘ።

ስለ አፊሌ ብዙ የምጽፈው የለም። የድንጋይ ሕንጻው አነስተኛ ነው፤ በ2012 በሕዝብ ገንዘብ ተሠርቶ፣ ነሐሴ ወር፣ በልደቱ ዕለት ተመረቀ። «አገር» እና «ክብር» የሚሉ ሁለት ቃላት ተቀርጸውበታል። ይህን በመቃወም ኢትዮጵያውያን በብዙ ከተሞች ሰልፍ ወጥተዋል፤ ኢጣልያውያንም አብረዋቸው ቆመዋል፤ ጉዳዩ ለዓመታት ከፍርድ ቤት ወደ ፍርድ ቤት ተመላልሷል። እኔ በደረስሁ ጊዜ በሩ ዝግ ነበር። ሣሩ በቅርብ ታጭዷል። ከኪሴ የዳዊቱን አንድ ገጽ ፎቶግራፍ አውጥቼ ላስቀምጥ አስቤ ነበር፤ እጄ ግን አልታዘዘልኝም። ያን ባዶ ቦታ እዚያ ትቶ መሄድ የአደራ መብላት መሰለኝ። ፎቶግራፉን መልሼ በኪሴ ከተትሁት፤ ዐሥር ደቂቃ እንኳ አልቆየሁም።

ወደ ሱቢያኮ ስመለስ አዛውንቱ አልነበሩም። ልጆቹ ግን አንዲት ዓሣ ይዘው ኖሮ፣ ትልቁ በጣሳ ውስጥ አሳየኝ። ትንሹ ከየት እንደ መጣሁ ጠየቀኝ፤ ነገርሁት። «እዚያ ወንዝ አለ?» አለኝ። አለ አልሁት። ዓሣስ? አለ አልሁት። ዓሣዋን መልሰው ይልቀቋት ወይስ ለእናታቸው ይውሰዷት በሚል ጭቅጭቅ ገጥመው ረሱኝ።

ተውኔቱን ገና አልፈጸምሁትም። ሦስተኛው ገቢር ግን አሁን በችሎት አዳራሽ አይጀምርም። መጋረጃው ሲገለጥ የወንዝ ድምፅ ይሰማል። አንድ የዐሥራ ሁለት ዓመት የገጠር ሐኪም ልጅ በድንጋይ ድልድይ ላይ ተቀምጦ ለነገ የታዘዘውን መዝሙር ያጠናል። ከመድረኩ በሌላው ወገን፣ በሌላ ወንዝ ዳር፣ አንድ የዐሥራ ስድስት ዓመት ዲያቆን ብራና ላይ አጎንብሶ ያንኑ መዝሙር በጥቁር ቀለም ይጽፋል፤ ለቀዩ ቦታ እየተወ።